በነጥብ ሦስት ሰው ስለበለጥናቸው ጎረቤቶቻችን

ይድረስ ለተከበሩ የቋሚ መስመር ኢንተርኔት ማስፋፊያ መምሪያ ዋና ኃላፊ፤

ግልባጭ ለሚመለከተው ሁሉ፣ ይልቁንም አይመለከተኝም ለሚለው፤

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ እያልኩ፣ ለመሆኑ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎስ፣ ዓይንዎስ፣ ከሁሉም በላይ አንገትዎስ እንዴት ነው? አንገትዎን ለይቼ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ሰሞን በአደባባዩ ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ላይ ያሰቀሉትን ሸራ ከራስጌው እስከ ግርጌው አነባለሁ ስል የእኔው አንገት ተጣሞ ስለሰነበተ፣ ከመሰቀሉ በፊት ደጋግመው አይተው ያጸደቁት እርስዎማ እንዴት ሆነው ይሆን ብዬ ከልቤ ስሳቀቅልዎ ቆይቻለሁ። እኔ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ። ከኢንተርኔት በስተቀር የጎደለብኝ ነገር የለም፤ እሱም ቢሆን የጎደለው በእኔ ቤት እንጂ በእርስዎ ኮምፒውተር ውስጥ አይደለም።

ማን እንደሆንኩ ባያውቁኝ አልቀየምም። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍልፋይና መቶኛ ሳስተምር ጸጉሬ የሸበተ፣ ጡረታም ወጥቼ ከታላቅ ወንድሜ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የኖርኩ ሴት ነኝ። ወንድሜ አናጢ ነው። የቤታችን የፊት ክፍል የእሱ መሥሪያ ስለሆነ፣ ቤቱን ስጠርግ ከአቧራ ይልቅ ሰጋቱራ ነበር የማፍሰው። ወንበር ስለሚሠራ የሰፈሩ ሰው «ሊቀ መንበር» እያለ ይጠራዋል፤ እስከ ዛሬ ካየኋቸው ሊቃነ መናብርት ሁሉ ሰው ቆሞ እንዳይቀር የተጨነቀው እሱ ብቻ ስለሆነ እኔም በሹመቱ እኮራለሁ።

እንግዲህ ሸራዎ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው። በሽቦ እስከ ቤት ድረስ የሚገባውን፣ እናንተ ቋሚ ብሮድባንድ የምትሉትን ኢንተርኔት፣ ከመቶ ሰው ስንቱ ደንበኛ ሆኖበታል ተብሎ ሲሰላ ጎረቤት አገር ሁለት ነጥብ ስምንት፣ እኛ ደግሞ ሦስት ነጥብ አንድ ሆነናል፤ ስለዚህም በልጠናቸዋል። እሰይ! እኔ መብለጥ እወዳለሁ፤ በልጅነቴም በሩጫ ሲቀድሙኝ አልቅሼ ነበር የማስቆማቸው። ነገር ግን የሙያ ነገር ሆኖብኝ ሁለቱን ቁጥሮች ሳቀናንሳቸው፣ የበለጥናቸው በነጥብ ሦስት ሰው ሆኖ አገኘሁት። ነጥብ ሦስት ሰው ስንት ነው ብዬ በገዛ አካሌ ላይ በሜትር ለካሁት፤ ከጉልበት ወደ ታች ያለው መሆኑ ነው። ጎረቤቶቻችንን በቅልጥም ቀድመናቸዋል ማለት ነው፣ ክቡር ሆይ፣ ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰው የሚራመደው በእሱ ነውና።

ቁጥር እንደሚወዱ ስለተረዳሁ ቅሬታዎቼን በቁጥር ከፋፍዬ አቅርቤያለሁ። ሲደምሯቸው አልመጣ ካሉዎት ይደውሉልኝ፤ ስልኬ ይሠራል።

አንደኛ። በሸራው ላይ የጎረቤት አገር ቁጥር በግራጫ ዓምድ፣ የእኛ ደግሞ በአረንጓዴ ዓምድ ተሥሏል። ግራጫው ከምድር ቤቱ ፋርማሲ መስኮት አያልፍም፤ አረንጓዴው ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለው ጥርስ ሐኪም ቤት ጣሪያ ይደርሳል። ሁለት ነጥብ ስምንትና ሦስት ነጥብ አንድ! አንድ ተማሪዬ እንዲህ ሥሎ ቢያመጣልኝ ኖሮ ወላጅ ሳያመጣ ክፍል አይገባም ነበር። እርስዎን ግን ወላጅ ያምጡ ለማለት ድፍረቱ ስለሌለኝ፣ አረንጓዴው ቀለም ዓይን የሚያሳርፍ መሆኑን መስክሬ አልፈዋለሁ።

ሁለተኛ። ስለ ሞደሙ ነው። ይህኛው ረዘም ስለሚል ወንበርዎን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ያድርጉት። ወንበሩ ካልተመቸዎት ወንድሜ ሌላ ይሠራልዎት ነበር።

ወንድሜ አይሰማም፣ በአፉም አይናገርም። በእጁ ሲናገር ግን አፍ አለኝ የሚለውን ሁሉ ያስንቃል። ከእሱ በላይ ያለችው ታላቅ እህታችን፣ እኔ እቴቴ የምላት፣ እሷም እንደ እሱ ናት። በልጅነታቸው የሚቀበላቸው ትምህርት ቤት አልተገኘምና፣ ሁለቱ እቤት ተቀምጠው የራሳቸውን ቋንቋ ሠሩ። እርስዎ ስለ ቋንቋው ማወቅ ባይጠበቅብዎትም ትንሽ ላጫውትዎት። እናታችን ማለት መሐረብ ከአገጭ ሥር እንደ ማሰር ነው። አባታችን ማለት ኮፍያ ነው። እኔ ደግሞ የመጨረሻ ልጅ ስለሆንኩ፣ ስሜ መዳፍን ከጉልበት ትይዩ ዘርግቶ የቁመቴን ልክ ማሳየት ነበር። ልጆች አስተምሬ፣ የልጆቻቸውን ልጆች አስተምሬ ጡረታ ብወጣም በዚያ ቋንቋ ውስጥ እስከ ዛሬ ከጉልበት አልበለጥኩም።

ይህንን ቋንቋ አሳምረው የሚችሉት በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እናታችን ሦስተኛ ነበረች፣ እሷም አርፋለች። እኔማ ምኑን ቻልኩት! እኔ ስወለድ ቋንቋው ተሠርቶ አልቆ ስለነበር ፍርፋሪውን ነው የለቃቀምኩት። ና፣ ሂድ፣ ብላ፣ በሩን ዝጋ፣ ደንበኛ መጥቷል፣ ይህን ይህን እናገራለሁ። ወንድሜ አንድ ሙሉ ታሪክ በእጁ ሲያወራኝ ግን እንደ ሰነፍ ተማሪ ጭንቅላቴን እየነቀነቅሁ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ፤ እሱም እንዳልገባኝ ያውቃል፣ ግን አያሳፍረኝም። ጽሑፍ እንዳይሆን ደግሞ ሁለቱም ማንበብ አይችሉም። ወንድሜ የሚያውቀው የሜትሩን ቁጥር ነው።

እቴቴ ካገባች ወዲህ የምትኖረው ከድንበሩ ማዶ ነው። አዎ፣ በዚያው በበለጥናቸው አገር። ባሏ ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ ይሰማል፣ ደግ ሰው ነው፤ ብዙ ሆነው በሚኖሩበት ግቢ ውስጥ አንድ መስመር ገብቶላቸዋል፤ በእናንተ ሒሳብ ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ደንበኛ ነው ማለት ነው። ቁጥራቸው ያነሰው ለዚህ ይሆናል ብዬ ብጠረጥርም፣ የእነሱ ሲጫኑት ይሠራል።

ስለዚህ ሠራተኞችዎ መሰላልና የሽቦ ጥቅል ይዘው ወደ መንገዳችን ብቅ ሲሉ የቤታችንን ሁኔታ ይገምቱት። ወንድሜ ለሰው ወንበር ያቆየውን ምርጥ እንጨት አውጥቶ፣ ልጎ፣ አለስልሶ፣ ለሞደሙ መደርደሪያ ሠራለት። የታጠበ ሸሚዝ ለበሰ። ሠራተኞችዎ፣ አምላክ ያክብራቸውና፣ ሽቦውን በመስኮቱ አስገብተው ሞደሙን ሰኩት። መብራቱ ቀይ ሆነ፣ ብልጭ ድርግም አለ፣ አረንጓዴ ሆነ። እኔም እቴቴ በላከችልን ታብሌት ደወልኩ፤ እሷም ብቅ አለች።

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ላይ ልቀልድ ብሞክርም አልቻልኩም። ጥርት ብላ ታየች። ቅንድቧ ላይ ያለው የልጅነት ጠባሳ እንኳ ታየ። ሁለቱም ተያዩና እጆቻቸው እኩል ተነሡ። እየተሻሙ፣ እየተቋረጡ፣ እየተሳሳቁ፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው እየጨረሰ ተንጫጩ። የወንድሜ እጆች ጥላ ግድግዳው ላይ እየተራወጠ ቤቱ በሰው የተሞላ መሰለ። እኔ ምንም አልገባኝም፤ ቆሜ እንባዬን ስጠርግ ነበር።

ታዲያ በዚህ መሐል ፎቶ የሚያነሣው ሠራተኛዎ ካሜራውን አዘጋጀና፣ የጋሼ እጅ እየተንቀሳቀሰ ፎቶውን አደበዘዘብኝ፣ እባክሽ እጃቸውን እንዲያወርዱ ንገሪልኝ አለኝ። በጨዋ ልጅ ወግ ነው የጠየቀኝ፤ ልቆጣው አልቻልኩም። ደንበኛው ከሞደሙ ጋር በግልጽ ካልታየ እንደማይመዘገብም አስረዳኝ። እኔም ለወንድሜ፣ እጅህን አውርድ አልኩት። ዝም በል ማለቴ ነበር፣ ክቡር ሆይ፤ በእነሱ ቋንቋ እጅ ማውረድ ሌላ ምንም ማለት አይደለም። አወረደ። ጭኑ ላይ አጣምሮ አስቀመጣቸውና ወደ ካሜራው ዞረ። እቴቴ በታብሌቱ ውስጥ ምነው፣ ምን ሆንክ እያለች ትጠይቀው ነበር። ፎቶው ተነሣ። ከዚያም ሠራተኛዎ ሞደሙን ነቀለና፣ ገመዱን በጥንቃቄ ጠቅልሎ በብብቱ ሸጎጠው።

ወዴት ነው ስለው፣ ይህ የፎቶው ነው፣ የእናንተው ከመጋዘን ሲመጣ ይገጠማል፣ ምዝገባው ግን አልቋል፣ እንኳን ደስ ያላችሁ አለኝና ወደ ቀጣዩ ቤት ተሻገረ። ወይ ጉድ! እኔም በሩ ላይ ቆሜ በዓይኔ ተከተልኩት። ያው ጥጉ የተላጠው ሞደም ከእኛ ቤት ወጥቶ ከጸጉር ሠሪዋ ገባ፤ እሷም የራሷን ጸጉር ተሠርታ ነበርና አምሮባት ፎቶ ተነሣች። ከእሷ ወጥቶ ከጎሚስታው ገባ፤ ጎሚስታው እጁ ዘይት ስለነበር ሞደሙን በጨርቅ ይዞ ተነሣ። ከእሱም ወጥቶ ልብስ ንጽህና ቤት ገባ። ያ ሞደም በዚያን ዕለት የጠየቀውን ጎረቤት እኔ በዓመት አልጠይቅም። መንገዳችን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ሞደም ደንበኛ ሆነ፤ አገራችንም ቀደመች።

ለዚህ ብልሃት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እንዲህ መሆኑን ባውቅ ኖሮ እኔም በአንድ መጽሐፍ ትምህርት ቤቱን ሁሉ አስተምር ነበር፤ ልጁ መጽሐፉን ይዞ ፎቶ ይነሣ፣ አነበበ ብዬ ልመዝግበው፣ መጽሐፉን ለቀጣዩ ልስጥ። ስንቱን ዓመት በከንቱ ደክሜያለሁ!

ሦስተኛ። ሞደሙ ከመጋዘን አልመጣ ሲል ወንድሜን ይዤ ወደ መሥሪያ ቤትዎ መጣሁ። አዳራሹ ቀዝቃዛ፣ ወንበሮቹ ግን የሚነቃነቁ ናቸው፤ ወንድሜ ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ ይልቅ አንዱን ገልብጦ እግሩን ሲያጠብቅ ጥበቃው መጥቶ አስቆመው። በግድግዳው ላይ ደግሞ የደስተኛ ደንበኞች ፎቶ ተደርድሮ ከመካከላቸው ወንድሜን አገኘሁት። እጁን ጭኑ ላይ አጣምሯል። ያንን ፎቶ ለመንደራችን ሰው ባሳየው ማንም እሱ ነው ብሎ አያምነኝም፤ እጁ አርፎ ያየው ሰው የለምና።

መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትሁት ናት፣ ሹመት ይገባታል። ስማችንን አስገብታ አየችና፣ እናቴ፣ ሲስተሙ ላይ እኮ አላችሁ፣ መስመራችሁ ገብቷል አለችኝ። አልገባም ብላት፣ እንግዲያው ብልሽት አስመዝግቡ፣ ለብልሽት ግን ከሞደሙ ሥር ያለው ቁጥር ያስፈልጋል አለች። ሞደሙ የለም ብላት፣ ሞደም የሌለው አዲስ መስመር ይጠይቃል አለች። አዲስ እንድጠይቅ ፍቀጂልኝ ብላት፣ መስመር ያለው ሰው አዲስ አይጠይቅም አለች። እኔም የሒሳብ ሰው ነኝና መላው በቶሎ ታየኝ፤ በቃ አቋርጪን፣ ከዜሮ እንጀምር አልኳት። ይሄኔ ልጅቱ ግራ ቀኝ ተገላምጣ ድምጿን ዝቅ አደረገችና፣ ከጎረቤት አገር ጋር ያለው ንጽጽር እስኪወጣ ድረስ ማንም እንዳይቋረጥ ከላይ ታዘናል፣ ቁጥሩ ይወርዳል ተብሏል አለችኝ። ካልገባሁበት ቤት መውጣት የተከለከልኩት በዚያን ቀን ነው።

ወንድሜ ከንፈራችንን ሲከታተል ቆይቶ ምን አለች ብሎ ጠየቀኝ። አለን ትላለች አልኩት፤ ሌላ የምልበት ቃል አላጣሁም፣ የተባልኩት ይኸው ነው። ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞረና ዓይኑን ነክቶ፣ በአየር ላይ የግድግዳችንን ስፋት አሳይቶ፣ ባዶ መዳፎቹን ዘርግቶ ጠበቃት። ያለ እኔ ትርጉም ገባት። አንገቷን ደፍታ ማኅተሟን ስታስተካክል ነበር።

ወንድሜ የማይሰማው ጆሮው ስለማይሠራ ነው። መሥሪያ ቤትዎ ጆሮ ዳባ ልበስ ሲል ግን የትኛው ሐኪም እንደሚያየው እስካሁን አላወቅሁም።

ደግሞ ይህንን ሁሉ ጉድ ያመጣብን ያ ንጽጽር ወጣ፤ ሸራውም ተሰቀለ። ተመልሼ ብሄድ ያችው ልጅ፣ አሁንም ማቋረጥ አይቻልም፣ የከርሞው ንጽጽር ተጀምሯል አለችኝ። ጎረቤቶቻችን በልጠውን እንዳይገኙ መሆኑ ነው። እውነቷን ነው፣ በነጥብ ሦስት ሰው ተኩራርቶ መተኛት አይገባም።

አራተኛ። በስልክ የሚመልሱልን ሠራተኞችዎ ለጊዜው በእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተጠቀሙ ብለው መክረውናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሞክረነዋል። እቴቴ እጇን ወደ ግንባሯ ታነሣለች፤ ምስሉ እዚያው ደርቆ ይቀራል። ግንባር ላይ የሚጀምር ቃል ደግሞ ብዙ ነው። ዝናብ አለ፣ ትኩሳት አለ፣ ረሳሁ አለ፣ የአባታችን ኮፍያ አለ። ወንድሜ ታብሌቱን በሁለት እጁ ይዞ የቃሉን መጨረሻ ይጠብቃል። ዘነበ ልትለው ይሁን ታመምኩ ልትለው ሳያውቅ ምስሉ ተቆርጦ ይጠፋል። እኔ በእጅ ስልኬ ከባሏ ጋር አውርቼ ዝናብ ነው ብዬ ልነግረው እችላለሁ፤ እነግረዋለሁም። እሱ ግን የሚፈልገው ዝናቡን አይደለም፤ እሷ ስለ ዝናቡ ስታወራው ማየት ነው።

ቢቻል ኖሮ በዚህም እየተጎተትን እንከርም ነበር። ባለፈው ግን ዳቦ ጋጋሪው ደውሎ፣ የእቴቴ የጣቶቿ መገጣጠሚያ እየደረቀ ነው፣ ሐኪሙ እየባሰ ይሄዳል እንጂ አይመለስም ብሏል፣ ሁለቱ ጣቶቿ ከወዲሁ አይዘረጉም አለኝ። ለሌላ ሰው ቢሆን አይዞሽ የሚባልበት የእርጅና ነገር ነው፤ አንድ ጣት ባይታዘዝ ምን ይመጣል? እቴቴ ግን የምትናገረው በእሱ ነው። አንዱ ጣት ባለመዘርጋቱ የጠፉ ቃላት አሉ። ሌላውም ሲደርቅ ሌሎች ይጠፋሉ። ዛሬ ነገ ሲባል ለእኔና ለእርስዎ ያው ጊዜ ነው የሚያልፈው፤ ለወንድሜ ግን እህቱ ፊደል በፊደል እየተዘጋችበት ነው። ይህን ስነግረው ማታውን ሙሉ የራሱን ጣቶች እያጠፈና እየዘረጋ ሲያያቸው አመሸ።

እኔ በእውነት አንጀቴ ተቃጥሏል። ይህን የምለው ትሕትናዬን ጥዬ አይደለም፤ ትሕትናዬ እንዳለ ሆኖ አንጀቴም ተቃጥሏል።

አምስተኛ። ይህኛው ቅሬታ ሳይሆን ዜና ነው። ወንድሜ ሄዷል።

መጋዙን፣ መላጊያውን፣ መሮዎቹን በዘይት ጨርቅ ጠቅልሎ በሠራው ሳጥን ውስጥ ደረደራቸው። የጀመራቸውን ወንበሮች ጨርሶ ለየባለቤቱ አደረሰ። ጸጉር ሠሪዋ፣ በዚህ ዕድሜ አገር ይቀየራል እንዴ ብላ እንድጠይቅላት ለመነችኝ፤ ጠየቅሁት፤ የሰጠኝን መልስ ሁሉንም አልያዝኩትም፣ የእቴቴ ስም ግን ደጋግሞ ነበረበት። እኔም ቅር አለኝ እንጂ ተው አላልኩትም። እህቱ መናገር ስትችል ሊያነጋግራት ነው የሄደው፤ በምን አፌ ተው እለዋለሁ?

አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ፣ ሞተሩ ተነሥቶ ሳለ፣ ረጅም ነገር ነገረኝ። መስኮቱ ዝግ መሆኑ ለእሱ ምኑም አይደለም፤ በዙሪያችን ሌላው መንገደኛ በመስታወት ውስጥ እየጮኸ ሳይሰማማ፣ እኛ ብቻ ነበርን የምንነጋገረው። ማለቴ እሱ ብቻ ነበር የሚናገረው። ስሜን፣ ያንን የጉልበት ልክ፣ ሁለት ጊዜ ጠራው። ብዪ አለኝ። በሩን አለኝ። እናታችንን አነሣት። የቀረው አመለጠኝ። ድገምልኝ ልለው እጄን ሳነሣ አውቶቡሱ ዞረ። እኔም እንደ ልማዴ የገባኝ መስዬ ጭንቅላቴን ስነቀንቅለት ቀረሁ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ አሁን በራሴ ስም ሆኗል። ከእንግዲህ ከድንበር ማዶ ወንድም ያለኝ እኔ ነኝ። በስልክ ልደውልለት አልችልም፣ ልጽፍለትም አልችልም። ምን እንዳለኝ መልሼ የምጠይቀው ፊቱንና እጁን ሳይ ብቻ ነው፤ ቀስ ብሎ እንዲደግምልኝ፣ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ቁጭ ብዬ ቋንቋውን እንድማር ምስሉ የማይደርቅ መስመር ያስፈልገኛል። የምለምነው አንድ ሞደም ነው። አዲስ ካልሆነ ጥጉ የተላጠውም ይበቃኛል፤ ብቻ ገብቶ የሚያድር ይሁን። ፎቶ መነሣት ካስፈለገ ለመነሣት ዝግጁ ነኝ፤ እጄን ግን አላወርድም።

በመጨረሻም፣ በሌለን ነገር ከሌሎች እንድንበልጥ ስላደረጉን፣ ሞደማችን ሳይቆሽሽ፣ መብራት ሳይፈጅ፣ አቧራ ሳይጠጣ በመጋዘን ተከብሮ እንዲቀመጥልን ስለተጠነቀቁልን፣ የወንድሜንም ፎቶ በአዳራሽዎ ግድግዳ ላይ ሰቅለው መልኩ እንዳይረሳኝ ስላሰቡልኝ፣ ምስጋናዬ ከአረንጓዴው ዓምድዎ ጫፍ የሚደርስ መሆኑን በአክብሮት እገልጻለሁ። ሥራ ላይ ሆነው ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለባለቤትዎና ለልጆችዎ፣ በተለይም ለአንገትዎ፣ ጤና እመኛለሁ።

የእርስዎ ታማኝ ደንበኛ፣
በወንድሜ ስም በሲስተሙ ላይ ያለሁ፣ ከሦስት ነጥብ አንዶቹ አንዷ፣
የቀድሞ የሒሳብ መምህርት፣ የሊቀ መንበሩ ታናሽ እህት

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ካሸግሁት በኋላ አንድ የሒሳብ ነገር ትዝ ብሎኝ መልሼ ከፈትኩት። መስመሩ የተመዘገበው በወንድሜ ስም ስለሆነና ማቋረጥም ስለተከለከለ፣ እሱ አገር ለቅቆ ቢሄድም በእርስዎ ቁጥር ውስጥ እንደተቆጠረ ይኖራል። የሕዝባችን ብዛት ግን በእሱ መሄድ በአንድ ሰው ቀንሷል፤ ስለዚህ ከመቶ ሰው የሚደርሰን በጥቂቱም ቢሆን ከፍ ይላል። በጎረቤት አገር ደግሞ ሰው በአንድ ጨምሯል፣ እሱ በእህቱ መስመር ስለሚጠቀም ደንበኛ አልጨመረም፤ ስለዚህ የእነሱ ዝቅ ይላል። ደጋግሜ ሠርቼ አረጋግጫለሁ፣ የወንድሜ መሄድ በሁለቱም በኩል ጠቅሞናል። የቀረነውም ተጠራርገን ወደ እነሱ ብንሄድ ጭራሽ የሚደርስብን አይገኝም። እንኳን ደስ ያለዎት፤ እኔ ግን ተበልጠን ወንድሜ እቤቱ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።